ሁሉን ነገር ከፍ አድርጉ፦ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቤት ውስጥ የተማርነው

እናቴ ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ አዳልጧት ወደቀች። የጭን አጥንቷ አንገት ተሰብሮ ኳስ መሰሉ የአጥንት ጫፍ በሰው ሠራሽ ተተካላት። ዛሬ ሰው ሳይደግፋት ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ስለ ቤታችን ከዚህ በላይ አላወራም። ቀዶ ሕክምናው በሰዓታት ያልቃል፤ ቀጥሎ ያለው ሦስት ወር ግን በቤተሰብ እጅ ነው የሚያልፈው፣ ለዚያ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚገባ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እኛ የተሳሳትነውን እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ጻፍኩት።

ሆስፒታል ሳላችሁ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁትና መልሱን የመውጫ ወረቀቱ ላይ ያስፍርላችሁ። የገባው ምንድን ነው፤ ሙሉ መገጣጠሚያ፣ ኳሱ ብቻ፣ ወይስ የራሷ አጥንት በብሎንና በዘንግ ተይዞ ነው? ዳሌው የተከፈተው ከኋላ ነው፣ ከጎን ነው፣ ከፊት? እግሩ ምን ያህል ክብደት ይሸከም? እኛ የመጨረሻውን ብቻ ጠይቀን ወጣን። ቤት ስንገባ አንዱ ዘመድ እግሯን እንዳታጥፍ፣ ሌላው ወደ ውጭ እንዳታዞር ይመክራት ጀመር፤ ሁለቱም ከሌላ ታማሚ የሰሙትን ነው። ከኋላ የተከፈተ ዳሌ የሚፈራው ከመጠን በላይ መታጠፍንና ወደ ውስጥ መዞርን ነው። ከፊት የተከፈተው የሚቸገረው እግሩ ወደ ኋላ ተለጥጦ ወደ ውጭ ሲዞር ነው። በብሎን የተያዘ አጥንት ደግሞ ዋናው ስጋቱ መውለቅ ሳይሆን አጥንቱ ሳይገጥም ብሎኑ መላቀቁ ነው፣ ስለዚህ የክብደቱ ልክ ጥብቅ ይሆናል። ከዚህ በታች የምጽፈው እንደ እናቴ ከኋላ በኩል ተከፍቶ ለተተካ ዳሌ ነው። የእናንተ የተለየ ከሆነ የሐኪማችሁ ቃል ይቅደም።

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ “ትነሣ” ስትል ዘመድ ሁሉ ተቃወመ፣ እኔም ጭምር። “ትናንት ተቀድዳ ዛሬ እንዴት ትቆማለች?” አልን፤ ለምነንም አንድ ቀን አስቀረናት። በሦስተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ስገልጥ የቀኝ ተረከዟ እንደ አንድ ብር ሳንቲም ክብ ሆኖ ቀልቷል፣ በጣት ሲጫኑት አይነጣም። የአልጋ ቁስል ሲጀምር እንዲህ ነው። አልጋ ላይ የቆየ አዛውንት ጡንቻው በቀናት ውስጥ ይሟሽሻል፣ ሳንባው ሥር አክታ ይጠራቀማል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። “ይረፉ” የምንለው ከልባችን ነው፤ ለዳሌ ታማሚ ግን ከዚያ የከፋ ምክር የለም። ሐኪሙ እስካልከለከለ ድረስ በማግስቱ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥ፣ ይቁም፣ ቢችል ሁለት ሦስት እርምጃ ይሂድ። ተረከዙ ከፍራሹ እንዲነሣ ትራሱን ባቱ ሥር በቁመቱ አስገቡለት። ጉልበት ሥር ብቻ ትራስ መወተፍ ግን ተዉ። ሕመሙን ስለሚያቀልለት ታማሚው ራሱ ይለምናችኋል፣ እኛም ሁለት ሳምንት አደረግንላት፤ በኋላ ጉልበቷም ዳሌዋም እንደታጠፈ ደርቆ ቀጥ ብላ ለመቆም ተቸገረች። ያን ለማፍታታት ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል።

በሁለተኛው ሌሊት ደግሞ እናቴ ግድግዳው ላይ ሰው ታይ ጀመር፣ እኔንም በእህቷ ስም ጠራችኝ። ቤተሰቡ መንፈስ ነው ብሎ ተሸበረ። ቀዶ ሕክምና ባደረጉ አዛውንቶች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚታይ የአእምሮ መደናገር ነው። መነሻው ሕመም፣ የውሃ ጥም፣ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገድ ወይም መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ወዲያው ለነርስ ተናገሩ። መነጽሩን አድርጉለት፣ በሌሊት ትንሽ መብራት ይኑር፣ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይደር፣ ቀን ቀን አታስተኙት። ጸሎቱን ከልክሉ አልልም። ምርመራውን ግን አይተካም።

የሕመም ማስታገሻ ሲያም ብቻ የሚዋጥ አይደለም። የታዘዘውን በሰዓቱ ስጡ፤ እንቅስቃሴው ከመጀመሩ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በፊት ከደረሰ ታማሚው እሺ ብሎ ይሠራል። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ያዞራልም። የተልባ ውሃና ብዙ ፈሳሽ ረድቶናል፤ ሦስት ቀን ካለፈ ግን ማለስለሻ ይታዘዝ። ዲክሎፌናክን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጨምሩ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ጨጓራ ሊያደማ ይችላል፣ የአዛውንት ኩላሊትንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ቤታችን ዝቅ ያለ ነው። በርጩማው ዝቅ ያለ፣ ሶፋው ዝቅ ያለ፣ ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ሽንት ቤቱ ቁጢጥ ተብሎ። የተተካ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ መታጠፍ የለበትም። በቀላሉ ሲታይ፣ ታማሚው ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዳሌው ዝቅ ማለት አለበት። ጉልበት ከዳሌ ከፍ ካለ ኳሱ ወደ ኋላ እየተገፋ ነው፣ ጡንቻውና ሽፋኑ ገና ስላልጠገነ ሊወልቅ ይችላል። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው።

ስለዚህ ታማሚው ቤት ሳይገባ የልብስ ሰፊ ሜትር አንሡና ቤቱን ለኩ። ጫማ እንዳደረገ ከጉልበቱ ማጠፊያ እስከ ወለል ይለካል፣ በዚያ ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። እናቴ 41 ሆነች፤ ስለዚህ የምትቀመጥበት ሁሉ 47 ይሁን አልን። ከዚያ ቤቱን ስለካ ደነገጥኩ፦ አልጋው 40፣ የፕላስቲክ ወንበሩ 43፣ በርጩማው 25። ሶፋው ባዶውን 42 ነበር፣ ስቀመጥበት 34 ሆነ። ስፖንጅ ስለሚሰምጥ ሰው ተቀምጦበት ካልተለካ ልኩ ያታልላል። አልጋውን በአራት የእንጨት ጉማጅ ላይ አነሣነው፤ እግሩ እንዳይንሸራተት አናጺው እያንዳንዱን ጉማጅ ሁለት ሴንቲ ያህል ጎድጎድ አድርጎ ፈለፈለው። ብሎኬት ባዶ ስለሆነ በጠባብ እግር ሲጫን ይፈረካከሳልና አትጠቀሙበት። ሶፋውን ጨርሶ ተውነው፣ ክንድ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር አስገባን። ክንዱ ግዴታ ነው፤ ታማሚው የሚነሣው በእጁ ገፍቶ ነው።

ለሽንት ቤት ብዙ ሰው የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቀዶ ይጠቀማል። ከተቀደደ በኋላ ግን ይላላል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እግሩ ይከፈታል፤ ሲሰበር ያየሁ ሰው ነኝ። አናጺ ወይም ብየዳ ቤት 47 ከፍታ ያለው፣ ቀዳዳው ወደ 20 በ25 ሴንቲ የሆነ፣ እግሩ ከታች ሰፋ ያለና ጎማ የተገጠመለት፣ ግራና ቀኝ መያዣ ያለው ቢሠራላችሁ ይሻላል። ቀዳዳው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል፣ ሌሊት ደግሞ ባልዲ ከሥሩ አድርጎ መኝታ ቤት ማስገባት ይቻላል።

መቀመጫው ብቻ ከፍ ቢል ግን አይበቃም። ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማ ለማሰር ማጎንበስ ያው መታጠፍ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ማጎንበስ አክብሮት ነው፣ እዚህ ላይ እናቶችን መግታት ከባድ ነው። እንግዳ ሲገባ “ኖር” ብላ ብድግ ልትል ትሞክራለች። ካህኑ መስቀል ሲያወጡ ግንባሯን ልታደርስ ትዘነበላለች። ለጠያቂዎቹ በር ላይ ተናገሩ፤ የእኛ የንስሐ አባት ሲነገራቸው መስቀሉን እስከ ከንፈሯ አምጥተው አሳለሟት። እጅ ማስታጠቢያው ጭኗ ላይ ይምጣ እንጂ እርሷ አትዘንበል። ሹሩባ ለመሠራት በርጩማ ላይ አትቀመጥ፣ ሠሪዋ ትቁም። ቡናው ይፈላ፣ ሲኒው ግን ጠረጴዛ ላይ። እግር ማነባበር ክልክል ነው፣ ተኝታም ቢሆን። በጎን ስትተኛ ባልተነካው ጎን ሆና በጉልበቶቿ መካከል ወፍራም ትራስ ይግባ፣ ያለዚያ የላይኛው እግር ወድቆ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሱሪ ሲለበስ የታመመው እግር ቀድሞ ይግባ፣ ሲወልቅ መጨረሻ ይውጣ።

ከሆስፒታል ስትወጡ ባጃጅ አትጥሩ። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፣ አገባቡም ተጠማዝዞ ነው፣ ጉድጓዱንም ያለ ርኅራኄ ያደርሰዋል። መኪና ፈልጉ፣ የፊት ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉት፣ መደገፊያውን ትንሽ አስተኙት፣ ጠንካራ ትራስ አድርጉበት፣ በትራሱ ላይ ፌስታል አንጥፉ። ታማሚው ጀርባውን ሰጥቶ መጀመሪያ መቀመጫውን ያሳርፍ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች በአንድነት ያስገባ። ፌስታሉ ስለሚያንሸራትት ዳሌው ሳይጠማዘዝ ይዞራል። መኪናው ሳይነሣ ፌስታሉን ሳቡት፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ያንሸራትታል።

ዎከሩ፣ ማለትም በሁለት እጅ ተይዞ የሚኬድበት ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ ቁመቱ ትክክል የሚሆነው ታማሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ መያዣው ከእጅ አንጓው መስመር ጋር ሲገናኝ ነው። ሲነሣ ዎከሩን አይጎትት፣ ይገለበጣል፤ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጣ፣ የታመመውን እግር ወደ ፊት ይዘርጋ፣ የወንበሩን ክንድ ገፍቶ ይነሣ፣ ከዚያ ዎከሩን ይያዝ። አረማመዱ ዎከር፣ የታመመው እግር፣ ደህናው እግር ነው። ሲዞር በታመመው እግር ላይ ተሽከርክሮ ሳይሆን በትንንሽ እርምጃ። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ የታመመው። የዎከሩን የእግር ጎማዎች በየሳምንቱ ገልብጣችሁ እዩ፤ የእናቴ አንደኛው ጎማ ተበልቶ ብረቱ ሴራሚኩን መቧጨር ጀምሮ ነበር፣ እኛ የሰማነው ድምፁን ነው። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይደረግ። ነጠላዋንም ወገቧ ላይ እሰሩላት፣ ጫፉ ከዎከሩ እግር ሥር ይገባል።

አጥንቱ በብሎን ተይዞለት “20 ኪሎ ብቻ ጫን” የተባለ ሰው 20 ኪሎ ስንት እንደሆነ በግምት አያውቀውም። አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱን ቤት ጥሩት፣ የድካሙን ክፈሉት። ታማሚው ዎከሩን ይዞ ደህናውን እግር ሚዛኑን ያህል ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ የታመመውን ሚዛኑ ላይ ያድርግ፤ መርፌው 20 ላይ እስኪደርስ ቀስ ብሎ ይጫን። አሥር ጊዜ ከደጋገመ እግሩ ልኩን ይለምዳል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ደግማችሁ ፈትኑት።

እንቅስቃሴው ረጅም ስላልሆነ ማስታወሻ አያስፈልገውም። ነቅቶ ባለ ጊዜ በየሰዓቱ የእግር ጣትን ወደ ራስ መሳብና ወደ ታች መግፋት፣ 10 ጊዜ፤ ከእርሱ ጋር 10 ጥልቅ ትንፋሽ። በቀን ሦስት ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱን 10 10 ጊዜ፦ ጉልበትን ወደ ፍራሹ ተጭኖ የጭንን ጡንቻ እስከ 5 መቁጠር ማጠንከር፤ መቀመጫን እንዲሁ አጥብቆ መያዝ፤ ተረከዝን ፍራሽ ላይ እየጎተቱ ጉልበትን ማጠፍ፣ ግን ከልኩ ሳያልፉ፤ እግርን ቀጥ እንዳለ ወደ ጎን መክፈትና መመለስ፣ መሐል መስመሩን ሳይሻገር። መቆም ሲቻል ጠንካራ ጠረጴዛ ይዞ እግርን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ማንሣት ይጨመራል። የጎኑን አትዝለሉት። ሰው ከሦስት ወር በኋላም የሚያነክሰው አብዛኛውን ጊዜ የዳሌው የጎን ጡንቻ ስላልጠነከረ ነው። በማግስቱ የባሰ ካመመው ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ፣ ጨርሶ ማቆም ግን አይገባም።

እግር ማበጡ ለሳምንታት ይቆያል፤ ማታ ይጨምራል፣ ተኝቶ ሲያድር ይቀንሳል። አድሮም ካልቀነሰ፣ ባቱ ካመመ፣ ከሞቀ፣ ከጠጠረ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ያን እግር አታሹት! ቅቤ ተቀብቶ መታሸት በእኛ ዘንድ የፍቅር ሥራ ነው፣ ወጌሻም ሊመጣ ይችላል፤ ነገር ግን የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው ይገድላል። የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል። ደም ማቅጠኛው ደህና ነኝ ተብሎ አይቋረጥም፣ ብዙ ጊዜ እስከ አምስት ሳምንት ይወሰዳል።

ቁስሉ ላይ ቅቤም፣ ማርም፣ ዳማከሴም አይደረግ። ክሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ይወጣል። ጸበል መጠጣት ይቻላል፣ ውስጡ መነከር ወይም ቁስሉን ማስመታት ግን ሐኪም ሙሉ በሙሉ ገጥሟል እስኪል ይቆይ። ከቁስሉ ፈሳሽ ከወጣ፣ ዙሪያው እየቀላ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ በራሳችሁ አንቲባዮቲክ አትጀምሩ። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የገባ ኢንፌክሽን በግማሽ መድኃኒት ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

እናቴ ቤት በገባች በሳምንቷ ፍልሰታ ገባ። እጾማለሁ አለች፣ እኛም ዝም አልን፤ ያ ዝምታ ስሕተት ነበር። ጥቂት ሽሮ ቀምሳ እየዋለች ጉልበቷ ከዳት። የንስሐ አባቷ መጥተው ለሕመምተኛ የተፈቀደ መሆኑን ራሳቸው ሲነግሯት ነው የተቀበለችው፣ እኛ ብንለምናት አትሰማም ነበር። ከቀዶ ሕክምና የሚያገግም አዛውንት በየኪሎው በቀን ከ1.2 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ለ55 ኪሎ ሰው ወደ 66 ግራም ነው፣ የኩላሊት ሕመም ካለበት ግን ሐኪም ይወስን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ ሁለት መቶ ግራም የበሰለ ምስር 18፣ መቶ ግራም ዓሣ 20 ያህል አለው። ጣና ዳር ለምንኖር ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ቅርብ ነው፣ ሾርባውን ብቻ ሳይሆን ሥጋውን አብሉት።

በስድስተኛው ሳምንት ግድም ራጅ ተነሥታ ከዎከር ወደ ከዘራ ተሸጋገረች። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነው፤ ከዘራውን በታመመው ጎን ይይዛል። መያዝ ያለበት በደህናው ጎን እጅ ነው። የቀኝ ዳሌ ከሆነ የተተካው፣ ከዘራው በግራ እጅ፣ ከቀኝ እግር ጋር አብሮ ይራመዳል። በቀኝ እግር ብቻ ስንቆም ገላችን ወደ ግራ ሊወድቅ ይላል፣ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የቀኝ ዳሌ የጎን ጡንቻ ነው፤ በግራ በኩል ከዘራ ሲኖር ያን ሸክም ይጋራዋል። መቋሚያ ደግሞ ቅዳሴ ለማስቀደስ እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ረጅም ስለሆነ ትከሻ ያነሣል፣ ጫፉም ያዳልጣል። እግሩ የረዘመ መስሎ ከተሰማው ጫማ ለማስጨመር አትቸኩሉ፣ ጡንቻው ሲላላ ስሜቱ በወራት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ ትልቅ ጸጋ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ መጀመሪያ 5 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመርን ሄድን። የሚደክምበት ቦታ መቀመጫ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ፣ የግንብ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። እኛ ወንበር ይዘን ነበር የምንከተላት።

ድንገት ዳሌው ጓ ብሎ ካመመ፣ እግሩ አጥሮ ወደ ውስጥ ከዞረ፣ መቆም ካቃተው ወልቋል። ማንም አይጎትተው። ባለበት አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም ውሃም አትስጡት።

ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ሐኪሙ ብዙውን ክልከላ አነሣላት፣ ቁጢጥ ማለትንና መሬት ወድቆ መስገድን ግን ተይ ብሏታል። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ዘጌ ልሂድ ስትል ያሳሰበን ጀልባው ነበር፤ ከወደቡ ወደ ታች ነው የሚረገጠው። አንድ ሰው ጀልባው ውስጥ፣ አንድ ሰው ከኋላዋ ሆነው፣ የታከመው እግሯ ቀድሞ ወረደ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ያለው መንገድ ድንጋያማና ሽቅብ ስለሆነ በየጥቂቱ እያረፈች ወጣች፤ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ይብሳልና ከዘራውን አትርሱ።

አሁን የቀረው ሁለተኛ እንዳትወድቅ መጠበቅ ነው። ከቆመበት ወድቆ ዳሌው የተሰበረ አዛውንት አጥንቱ ሳስቷል ማለት ነው፤ የአጥንት ማጠንከሪያ መድኃኒት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ፣ እኛ ሳናነሣው አራት ወር አልፎ ነበር። ግቢው ውስጥ ያዳለጣት ቦታ ላይ ሸካራ ሲሚንቶ አስለሰንን። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን ምንጣፍ አነሣን። መብራት ሲጠፋ የምትይዘው ባትሪ ከትራሷ አጠገብ በክር ታስሮ ይንጠለጠላል፣ ክሩም እጇ ሳይዘረጋ የሚደርስበት ርዝመት ነው።